የአቶ በለጠ የሙከራ ሞት

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የእድራችንን ጥሩምባ የነፋሁት እኔ ነኝ። እንደሻው እባላለሁ። አሰላ ውስጥ በእኛ ሰፈር ሰው ሲያርፍ መጀመሪያ የሚቀሰቀሰው እኔ፣ ከዚያ ሰፈሩን የምቀሰቅሰው እኔ። ጭቃ አልል፣ የጭላሎ ውርጭ አልል፣ አንድም ቀን ቀርቼ አላውቅም። ይህን ያህል አገልግዬ፣ ባለፈው መጋቢት የኮሚቴ ስብሰባ ላይ «ጥሩምባው ይቅርና መርዶ በስልክ ይሁን» የሚል ሐሳብ ሲቀርብ ምን እንደተሰማኝ አልደብቅም። ተቃጠልኩ።

ሐሳቡን ያመጣው ዘሪሁን ነው። ዘሪሁን ስልክ ቤት አለው፤ የንስር ሞባይልን ሲም ይሸጣል። ንስር በቅርቡ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ማማ ተክሎ ፋይቭ ጂ አስገብቻለሁ ብሏል።

«አንድ ጊዜ ነካ ሲደረግ ዘጠና ስድስቱም አባል እኩል ይሰማል» አለ ዘሪሁን፣ ጣቱን አንስቶ እያሳየ።

ፀዲ ብድግ አለች። ፀዲ የጮራ ቴሌኮም ወኪል ናት፤ መናኸሪያው በር ላይ ዣንጥላ ዘርግታ ትውላለች። «የናንተ ፋይቭ ጂ ያለው ወፍጮ ቤቱ ጋ ብቻ ነው፤ እህል ሊያስፈጭ ያልሄደ ሰው አያገኘውም። የእኛ ፎር ጂ ግን ከከተማ ወጥቶ ጎበሳ ድረስ ይዘልቃል» አለች።

ከዚያማ ተያያዙት። ሜጋ ባይት በሰከንድ፣ ስፔክትረም፣ ሽፋን፣ የማይባል ነገር አልነበረም። የእድሩ ንብረት ጠባቂ አቶ በለጠ የሚያወሩት ስለ ማዳበሪያ መስሏቸው «ታዲያ ዩሪያው ነው ዳፑ?» ብለው ጠየቁ።

የእድራችን ዳኛ መምህር ገብረ መድህን ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው። የሒሳብ አስተማሪ ሳይለካ አያምንም። «ይሞከራ» አሉ። «አባሉን ሦስት ቦታ እንክፈለው። ላይኛው ሰፈር በንስር፣ ታችኛው በጮራ፣ መሃሉ በእንደሻው ጥሩምባ ይጠራ። የሰማ ሁሉ እድሩ ቤት መጥቶ ይፈርማል። ሠላሳ ሁለት ሰው ቀድሞ የሰበሰበ ያሸንፋል። አባላቱ ግን አስቀድመው እንዳያውቁ፤ ሰው ካወቀ ሙከራ አይሆንም።»

«ጥሩምባው ከተሸነፈስ?» አልኩ።

መምህር መነጽራቸውን አወለቁ። እሳቸው መነጽር ካወለቁ ነገር አልቋል። «እንግዲህ እንደሻው፣ አንተም ብዙ ደክመሃል። ጥሩምባውን ለንብረት ክፍል ታስረክባለህ» አሉኝ። ጥሩምባዬ ከድስትና ከአግዳሚ ወንበር ጋር ሲቆለፍበት ታየኝ።

ቀጥሎ አንድ ችግር መጣ። መርዶ ለመናገር ሟች ያስፈልጋል። መምህር የሌለ ሰው ስም እንፍጠር ቢሉ፣ ዘሪሁን «ለማይታወቅ ሰው ማን ይሮጣል?» አለ። ማንም የራሱን ስም ማውጣት አልደፈረም። እኔም ብሆን።

«እኔ ልሁን» አሉ አቶ በለጠ።

«ምነው አቶ በለጠ? ሟርት አይሆንብዎትም?» አሉ መምህር።

«ሰባ ዓመት አልፎኛል፤ ሟርቱ ከዚህ ወዲያ ምን ያመጣብኛል? ብሞት ማን እንደሚመጣ ማየት ነው የምፈልገው።»

ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ማንን ማየት እንደሚፈልጉ አውቃለሁና። አቶ በለጠ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ያለቻቸው አንዲት ታላቅ እህት ናት፤ እትዬ ብርሃነሽ፣ ጎበሳ ውስጥ ሱቅ ያላቸው። ከስምንት ዓመት በፊት እትዬ ልጃቸውን ሲድሩ ወንድማቸው አልተገኙም። እትዬ «ሠላሳ ጊዜ ብደውልለት ናቀኝ» አሉ። አቶ በለጠ «የጠራኝ የለም» አሉ። እውነቱን ልንገራችሁ? አቶ በለጠ ያን ጊዜ ስልካቸው እንዳያረጅ አጥፍተው ሳጥን ውስጥ ነበር የሚቆልፉት። ይህን ለእህታቸው ከመንገር ስምንት ዓመት መኮራረፍ ቀለላቸው።

ሙከራው ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሆነ። ዘሪሁን «ጽሑፍማ ማንም ይልካል፤ የኔትወርክ ጉልበት የሚታየው በቪዲዮ ነው» ብሎ የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ሠራ። የአቶ በለጠን ፎቶ ከእድሩ ደብተር አነሳ፣ ሻማ አበራላቸው፣ የበገና ዜማ ከበታች አስገባ፤ መጨረሻው ላይ «ይህ የሙከራ መልእክት ነው» ብሎ ጻፈ። ፀዲ ይህን ስትሰማ የአራት ደቂቃ ሠራች። የእሷ ላይ ነጭ ርግብ ይበራል፤ «ከ1946 እስከ 2017» የሚልም አለበት። አቶ በለጠ አይተው «እኔ የተወለድኩት በአርባ አምስት ነው» ብለው ቅር አላቸው እንጂ ሌላ አልተናገሩም። ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ከቤት እንዳይወጡ ተነገራቸው።

እኔ ጥሩምባዬን ይዤ ወጣሁ። ነፋሁ። «አቶ በለጠ አርፈዋል! ወደ እድሩ ቤት! ነገሩ ግን ሙከራ ነው!» አልኩ፤ ሕጉ እንዲህ ነበርና። እንግዲህ ጥሩምባ ነፊን ሰው ዝም ብሎ አያሳልፈውም። ባለሱቁ ሙህሲን ገና ሲያየኝ እጁን አፉ ላይ ጫነ።

«ያ ረቢ! አቶ በለጠ? ቅድም ከእኔ ሁለት ዳቦ ገዝተው ሄዱ እኮ!»

«ዳቦውን ይበሉታል፤ ደህና ናቸው።»

«ታዲያ ምን ብለህ ነው የምትነፋው?»

ከሥር ከመሠረቱ አስረዳሁት። ሲገባው ሳቀና ሻይ ካልጠጣህ አለኝ። ሁለተኛው ቤትም እንዲሁ፣ ሦስተኛውም እንዲሁ። ሙከራ መሆኑን የሰማ ሰው ደግሞ ለመፈረም ለምን ይቸኩል? አንዷ «ልብሴን አስጥቼ እመጣለሁ» አለችኝ። ሰባተኛው ቤት ስደርስ ከላይም ከታችም ሰው እየሮጠ በአጠገቤ አለፈ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ወንዶቹ የድንኳን ብረት ተሸክመዋል። ያኔ መሸነፌን አወቅሁ። ጥሩምባዬን በጋቢዬ ሸፈንኩት።

ማንም ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው አላየም። ሻማውን ሲያዩ ጮኹ፣ ፎቶውን ሲያዩ ለዘመድ አስተላለፉ፣ ከዚያ ስልኩን ጉያቸው ከትተው ወደ እድሩ ቤት ሮጡ፤ ፈርመው ድንኳኑን አንስተው ወደ አቶ በለጠ ቤት ሄዱ። አቶ በለጠ በመስኮት ሲያጮልቁ በራቸው ላይ ድንኳን ተተክሎላቸዋል። ከሚያለቅሱት መሃል ባለፈው ወር በድስት ርክክብ ሰበብ የሰደቧቸው ሴትዮ ደረት ሲመቱ አይተው በጣም ደስ እንዳላቸው በኋላ ነግረውኛል። መምህር ገብረ መድህን አግዳሚ ወንበር ላይ ቆመው ሙከራ መሆኑን ተናገሩ። ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ ተቆጣ። ዘሪሁንና ፀዲ ግን አቶ በለጠን ቀድሞ የገደለው የማን ኔትወርክ ነው በሚል ይጣላሉ።

«በአሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ሠላሳ ሁለት ሰው!» ይላል እሱ።

«የእኔም በአሥራ ዘጠኝ ደቂቃ! ያውም የእኔ ቪዲዮ ይረዝማል!» ትላለች እሷ።

ይህን ሲሉ የመምህር ስልክ ጠራ። አነሱት፤ ፊታቸው ተለወጠ። እትዬ ብርሃነሽ ቪዲዮው ደርሷቸው፣ ሚኒባስ ሙሉ ለቀስተኛ ይዘው ከጎበሳ ተነስተዋል። ፀዲ ኔትወርኩ ጎበሳ ድረስ ይዘልቃል ብላ ነበር። ዘለቀ።

«ደውሉላቸው! ደህና ናቸው በሏቸው!» አሉ መምህር።

እዚህ ላይ ነው ጉዱ። በእኛ አገር ሰው ሲሞትበት በድንገት አይነገረውም፤ «ትንሽ አሞት ነው፣ ደህና ነው» እየተባለ ቤቱ ድረስ ይወሰዳል። እናም ከእድር ደውሎ «ደህና ናቸው» የሚል ሰው ሞቱን አጸና ማለት ነው። ዘሪሁን ሲደውል አንድ ተሳፋሪ አነሳና በሐዘን ድምፅ «ገብቶናል ወንድሜ፤ አትጨነቅ፣ ሰምተናል» ብሎ ዘጋበት። ፀዲ «በእመቤቴ፣ በሕይወት አሉ!» ስትል «ልጄ፣ አንቺም በርቺ» አሏት።

በመጨረሻ ስልኩን ለአቶ በለጠ ሰጡ።

«እታለም፣ እኔ ነኝ፣ በለጠ ነኝ» አሉ።

«ይሄ የበለጠ ድምፅ አይደለም» አሉ እትዬ። «የወንድሜ ድምፅ እንዲህ አላረጀም።» ስልኩ ተዘጋ።

አቶ በለጠ ቁጭ አሉ። ከዚያ ወዲያ የሚስቅ አልነበረም። እኔም ሽንፈቴን ረሳሁት።

«ቪዲዮ ይደወላ!» አለ ዘሪሁን። ተደወለ። ሚኒባሱ በዚያ ሰዓት ገደል ሥር ነበረ መሰለኝ፣ ምስሉ ሄዶ ሄዶ ቆመ። የቆመው ደግሞ አቶ በለጠ ዓይናቸውን ጨፍነው አፋቸውን ከፍተው ሳሉ ነው። ከወዲያ «ወይኔ! ሬሳውን እያሳዩን ነው!» የሚል ጩኸት ተሰማ፤ ከዚያ ማንም አላነሳም። በየትኛው ኔትወርክ እንደተደወለ አልናገርም፤ እስከ ዛሬ ይካሰሱበታል።

ጥሩምባዬን ከጋቢዬ ሥር አወጣሁ። ማንም ያዘዘኝ የለም። ወደ አውራው መንገድ ወርጄ መታጠፊያው ላይ ቆምኩ። ሰባት ሰዓት ሲል ሚኒባሱ መጣ፤ ልቅሶው ከሞተሩ ቀድሞ ይሰማል። መሃል መንገድ ገባሁና ሳንባዬ እስኪሰነጠቅ ነፋሁ። ሹፌሩ ለሊሳ ፍሬን ይዞ አንገቱን አወጣ።

«አባ እንደሻው! ዱኤ ሞ ጂራ?» ሞቷል ወይስ አለ ማለቱ ነው።

«ጂራ! አለ! እድርተኞች ስሙ፣ ለቀስተኞች ስሙ! አቶ በለጠ አልሞቱም! ቤታቸው ቁጭ ብለዋል!»

ልቅሶው ቀጥ አለ። እትዬ ብርሃነሽ ዣንጥላቸውን ተደግፈው ወረዱና ፊቴ ላይ ቆሙ። ዓይናቸው አብጧል።

«እናቴን የለፈፍካት አንተ ነህ አይደል?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«ያን ቀን አልዋሸኸኝም።»

«አልዋሸሁም።»

«ዛሬስ? እንደ ሰዎቹ በማባበል አትንገረኝ። ሞቶ ከሆነ ሞተ በለኝ።»

«ሞቶ ቢሆን ሞተ እልዎት ነበር። ሥራዬ ነው። ጠዋት ሁለት ዳቦ ገዝተው በልተዋል።»

የዳቦውን ነገር ሲሰሙ ይመስለኛል ያመኑኝ። እጄን ያዙ። እቤት ድረስ እጄን አልለቀቁም። አቶ በለጠ በሩ ላይ ቆመው ነበር። እትዬ እጄን ለቀቁና ወንድማቸውን በዣንጥላው ትከሻቸው ላይ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ አሏቸው። አቶ በለጠ አልሸሹም።

«እታለም፣ ለሠርጉ ስትደውዪ ስልኬ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ነበር» አሉ። «እንዳያረጅ ብዬ።»

«ስልኩ እንዳያረጅ!» አሉ እትዬ። «እኛ ስናረጅስ?» ከዚያ አንገታቸውን አቅፈው አለቀሱ። ሚኒባስ ሙሉ ለቀስተኛ ቆሞ የሚያደርገው አጥቶ አብሮ አለቀሰ። ድንኳኑ ስለተተከለ፣ ንፍሮውም ስለተቀቀለ፣ ሁሉም ገብቶ በላ። እትዬ ንፍሯቸውን እየቆረጠሙ «ድርሻዬን አልቅሻለሁ፤ የምርህን ስትሞት እንዳትጠራኝ» ይሏቸው ነበር።

ማክሰኞ ኮሚቴው ተሰበሰበ። መምህር ገብረ መድህን ሰሌዳ ላይ ሦስቱን ውጤት ጻፉ፤ ጮራ ሠላሳ ሁለት፣ ንስር ሠላሳ ሁለት፣ ጥሩምባ አራት። አራቱም ለሻይ የመጡ ናቸው። ጥሩምባውን ለማስረከብ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። መምህር መነጽራቸውን አወለቁ።

«ፍጥነቱን ለክተናል» አሉ። «ሰው መልሶ ሲጠይቅ የሚመልሰው የትኛው እንደሆነ ግን መለካት ረሳን።» ጥሩምባውን ወደ እኔ ገፉት። ከእንግዲህ መርዶ በስልክም ይላካል፤ ነገር ግን እኔ ሄጄ በዓይኔ ሳላይ፣ ጥሩምባውም ሳይነፋ፣ ዘሪሁንም ፀዲም አንድ ጣት እንዳያነሱ ተወሰነ። ደስ አለኝ። ለማስመሰል ትንሽ አሰብኩና እሺ አልኩ።

እትዬ ብርሃነሽ አሁን በየእሁዱ በቪዲዮ ይደውላሉ። አቶ በለጠ ስልኩን ከሳጥን አውጥተው የንስርንም የጮራንም ሲም ገዝተዋል፤ አንዱ እምቢ ሲል በሌላው ያነሳሉ። እትዬ ግን ምስል አያምኑም። ያ ደርቆ የቀረ ፊት ከዓይናቸው አልጠፋም። ወንድማቸውን አይተው፣ አነጋግረው፣ ተቆጥተው ሲያበቁ «እንደሻውን ስጠኝ» ይላሉ። እኔም ከቤተ ክርስቲያን መልስ እዚያው ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።

«እንደሻው፣ አለ?»

«አለ፣ እትዬ።»

«ተመስገን» ብለው ይዘጉታል። ሃያ ሁለት ዓመት የሞተ ሰው ስለፍፍ ኖሬ፣ አሁን በሳምንት አንድ ቀን ያለ ሰው እለፍፋለሁ።