ደሳለኝ የሚያውቃት መኪና

ደሳለኝ ጡረታ ሲወጣ መኪና መግዛት አማረው። ሐሳቡ የራሱ ይመስለው ነበር እንጂ የባለቤቱ የዓይናለም ነው። ዓይናለም ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ፣ ከሮቢ ወንዝ ማዶ ባለ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ናት። ክረምት በገባ ቁጥር ባጃጁ አሸዋው ዳር ያወርዳታል፤ እሷም ጫማዋን በእጇ ይዛ ትሻገራለች።

«ለታይታ አይደለም የምፈልገው፤» አለችው። «ጠዋት የሚያሻግረኝ፣ ልጆቹን የሚያደርስ፣ እናቴን ከደብረ ሲና የሚያወርድልኝ ይሁን። አራቱም ጎማው የሚጎትት።»

ደሳለኝ አሥራ አራት ዓመት የአንድ የመስኖ ፕሮጀክት የንብረትና ስምሪት ኃላፊ ነበር። ፕሮጀክቱ ተዘግቶ መኪኖቹ ሐምሌ ማለቂያ ላይ ጨረታ ወጡ። ከመካከላቸው ነጯን፣ በሥራ ዘመኑ ሲቀመጥባት የኖረባትን መረጠ።

«መካኒክ ይያት፤» አለች ዓይናለም።

«ፋይሏን የያዝኩት እኔ ነኝ። ምን የማላውቀው አላት?»

እውነትም ያውቃት ነበር። ለምሳሌ አራት አዲስ ጎማና ባትሪ ተገዛላት ተብሎ በፋይሏ ሲጻፍ፣ ጎማውም ባትሪውም ደብረ ብርሃን ላለው ወንድሙ መኪና እንደገቡ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ በጨረታው ቀን ወደ ጎማዎቹ ዞሮም አላየ። «ጎማና ባትሪ እቀይራለሁ፤ የቀረው እንደ አዲስ ነው» አለ በልቡ። ሞተሯ ታድሷል፣ የፊት ዲፍሬንሻሏ ተቀይሯል፣ ካምቢዮዋ ተፈትቶ ተሠርቷል፤ ሁሉም ተጽፏል፣ ከሥሩም የደሳለኝ ፊርማ አለ። ራሱ የዋሸውን ከቀነሰ የቀረው እውነት መሰለው። ሌባው እኔ ብቻ ነኝ ብሎ ማሰብ ትሕትና ይመስላል፤ የደሳለኝ ግን ትሕትና አልነበረም። ሌላው ሰው እሱን ያህል ብልህ ይሆናል ብሎ አስቦ ስለማያውቅ ነው።

ጨረታውን አሸነፈ። አንድ ሳምንት ሙሉ አስፋልቱን ከጫፍ ጫፍ ተመላለሰበት፤ ሰላምታ የነፈጉትን ሰዎች እየፈለገ ክላክስ አደረገላቸው።

ሰኞ ጠዋት ዓይናለምን ጭኖ ወንዙ ደረሰ። ውሃው ጎድሏል፣ አሸዋው ግን ለስላሳ ነው።

«አሁን ተመልከቺ፤» አለና የአራቱን ጎማ ማርሽ ጎትቶ ገባ።

የኋላ ጎማዎቹ አሸዋውን እንደ ቀበሮ ጉድጓድ ይቆፍሩ ጀመር። የፊቶቹ ንቅንቅ አላሉም። ማሾ ሊያርሙ የሚሄዱ ሴቶችን የጫነ ትራክተር ከኋላ ደርሶ ቆመ። ዓይናለም ቦርሳዋን አንስታ ወረደች፤ ሴቶቹ እጇን ይዘው የትራክተሩ ተጎታች ላይ አወጧት። ትራክተሩ ሴቶቹን አድርሶ ሲመለስ ደሳለኝን በገመድ ጎትቶ አወጣው።

የጋራዡ ባለቤት ሷሊሕ መኪናዋ ሥር ገብቶ ብዙ ቆየ።

«ጋሽ ደሳለኝ፣ የፊት ሻፍቷስ?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«የለም። ማርሹን ቢጎትቱት ኃይሉን ለፊት ጎማዎቹ የሚያደርስ ነገር የለም። ዲፍሬንሻሉም ቀፎ ነው፤ የውስጥ ጥርሱ ተወስዷል።»

«ከሦስት ዓመት በፊት ተቀይሯል!»

«ተቀይሮ ይሆናል፤» አለ ሷሊሕ እጁን እየጠረገ። «በባዶ ነው የተቀየረው።»

ደሳለኝ በቀጥታ መናኸሪያ ሄደ። መኪናዋን ለዓመታት የነዳት የድሮ ሾፌሩ ሐሚድ ወደ ጀውሃ የሚሄድ ሚኒባስ እየጫነ ነበር።

«አንተ ሌባ፤» አለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሐሚድ አልተቆጣም። «ጋሼ፣ ጎማዎቹን ደብረ ብርሃን ያደረስኩት እኔ አይደለሁም? እርስዎ ሲወስዱ ሳይ የተፈቀደ መስሎኝ።»

«እኔ የወሰድኩት ጎማ ነው። ጎማ ያልቃል። አንተ የወሰድከው አካሏን ነው።»

«ወላሂ፣ ለክፋት አልነበረም። ማሳ ጎበኘን ብለን የምንጽፈው ጀውሃ ምግብ ቤት ቁጭ ብለን ነበር። አስፋልት ለማትለቅ መኪና የፊት ሻፍት ምን ያደርግላታል ብዬ ነው።»

«ሞተሩስ?» አለ ደሳለኝ።

«ሞተሩን አላህ ያውቃል፣ እኔ አልነካሁም። እሱ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ድርሻ ነበር።»

ልክሰሳቸው ብሎ አሰበና ተወው። የትኛውም ዳኛ ፊት ቢቀርብ መጀመሪያ የሚነበበው የራሱ ፊርማ ነው።

ዓይናለም ከሥራ ስትመለስ በረንዳ ላይ ጠብቆ ስለ ሐሚድ፣ ስለ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ፣ ኅሊና ስለ ጠፋበት ዘመን ረጅም ንግግር አደረገላት። እሷ ከጫማዋ አሸዋ እያራገፈች ሰማችው።

«ሐሚድ ሻፍቱን በላ፤» አለች።

«በላ።»

«ግምጃ ቤቱ ሞተሩን።»

«ምን ይደረጋል።»

«አንተስ?»

ደሳለኝ ስለ ሙቀቱ ማውራት ጀመረ። ዓይናለም ሁለተኛውን ጫማ አራገፈች።

«ወንድምህ ጎማ አገኘ ብለህ የነገርከኝ ጊዜ፣» አለች፣ «ከደመወዝህ ቆጥበህ የገዛህለት መስሎኝ ለናቴ እንኳ አውርቼልህ ነበር።» ገብታ በሩን ዘጋች።

ከዚያ ወዲህ ከትራክተሩ ባለቤት ጋር ተስማምታ ከማሾ አራሚዎቹ ጋር ትሻገራለች። ደሳለኝ እስከ ወንዙ ዳር ላድርስሽ ብሎ ለመናት፤ አንድ ቀን ሞክራው ሞተሩ ሁለቴ ስለ ጠፋ ተወችው። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ለመኪናዋ ሥራ ተገኘላት፤ ልጆቹን ታደርሳለች። ትምህርት ቤቱ በእግር አምስት ደቂቃ ነው። ልጆቹ፣ ጓደኞቻቸው ሳያዩዋቸው፣ ከበሩ ራቅ አድርገህ አውርደን ይሉታል።