እጅህ እንዴት ነው?

ዌንደል ዕድሜውን የጨረሰው ለመወርወር ሲዘጋጅ ነው። የቤዝቦል ኳስ ወርዋሪ ተብሎ አሥራ ስድስት ዓመት ደመወዝ በልቷል፤ አብዛኛውን ኳስ ግን የወረወረው ለእኔ ነው። እኔ ከሜዳው ጥግ፣ ከአጥሩ ጀርባ ቁጢጥ ብዬ ተጠባባቂዎችን የማሟሙቅ ተቀባይ ነኝ። የእኔ ጉልበት አልቋል፤ የእሱ ደግሞ እጁ።

በዚያ እሑድ ከሰዓት እኛ ከሥሩ ካለንበት ዋናው ቡድን ወርዋሪዎችን ሊመዝን የመጣ ባለባርኔጣ ሰውዬ ከተመልካቾቹ መከላከያ መረብ ኋላ ተቀምጧል። ከሽማግሌዎቹ ወርዋሪዎች አንዱ ነገ እንደሚሰናበት ሁላችንም እናውቃለን። እዚህ ሽማግሌ የሚባለው ሠላሳ አምስት የሞላው ነው። ዌንደል ዛሬ ገብቶ ጥሩ ካልወረወረ የሚጠብቀው የአማቱ የጎማ መደብር ነው።

ከአሠልጣኙ መቀመጫ ጋር የሚያገናኘን የግድግዳ ስልክ ጮኸ፤ አሠልጣኙ ሃስኬል ነው። «ዌንደልን አሟሙቀው።» ወረወረ። ደግሞ ጮኸ። «ተወው፣ ይቀመጥ።» ተቀመጠ። እንደገና ተነሣ፤ እንደገና ተቀመጠ።

«ይሄ ሰውዬ እስክበስል ነው እስክገነፍል የሚጥደኝ?» አለ ላቡን እየጠረገ።

«እስክታርር።»

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የዌንደል ኳስ ጉልበት አጥቶ ጓንቴ ውስጥ ሲገባ ድምፅ ማውጣቱን ተወ። ያኔ ስልኩ ጮኸ።

«እጁ እንዴት ነው?»

በሙያችን ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ ነው ያለው፦ ደህና። ዌንደል ክርኑ የተበጠሰ ጊዜ እንኳ በአልጋ እየተገፋ ወደ ቀዶ ጥገና ሲገባ «ደህና ነው» ብሏል። አፌን ስከፍት መነጋገሪያውን ነጠቀኝ።

«ሃስኬል፣ እጄ አልቋል። ሌላ ሰው አስገባ።»

ከስልኩ እኔ ድረስ የሚሰማ ሳቅ።

«አንተ ቀልደኛ! ቀልድ ካማረህማ ሞቀሃል ማለት ነው። ና ግባ!»

«የምሬን ነው እኮ...»

ተዘግቷል።

«አልገባም በላ!» አልኩት።

«ብገባም ጎማ፣ ባልገባም ጎማ» አለና በሩን ገፋ። ሣሩን ያቋረጠው ግብር ሊከፍል እንደሚሄድ ሰው ነው። የመጀመሪያዋን ኳስ የተጋጣሚው መቺ ከአጥሩ ማዶ ላካት፤ መኪና ማቆሚያው ውስጥ የአንዱ መኪና ጩኸቱን አቀለጠው። ሁለተኛዋም ተከተለቻት። ባለባርኔጣው ተነሥቶ ቢራ ሊገዛ ሄደ።

ሃስኬል እግሩን እየጎተተ ወደ መወርወሪያው ጉብታ ወጣና ዌንደልን ሊያስወጣ ለኳሱ እጁን ዘረጋ። የተባባሉትን የነገረኝ ራሱ ዌንደል ነው፣ ሰኞን ሳይጠብቅ ሻንጣውን ሲሸክፍ።

«ምነው ዌንደል፣ እጅህ እንዲህ ከሆነ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ረሳሁት» አለው፤ ኳሱንም ሰጠው።