ራሰ ቀጭኗ የገና ዱላ

በ፲፱፻፶፬ ዓ.ም. በገና ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ከእንጅባራ በታች ባለው ሜዳ የቡድን አባቶቹ አየነውና ቢሻው፣ ሠላሳ ያህል ተጫዋቾች፣ ሽማግሌው አቶ ሽባባው፣ ደግሞም ደርበውና ባልንጀራው አስማረ ለገና ጨዋታ ተሰብስበው ነበር።

ደርበው ይህን ቀን ዓመት ሙሉ ጠብቆታል። ባለፈው ገና ሩሯ፣ ያቺ ከእንጨት የተጠረበች ኳስ፣ እግሩ ሥር መጥታለት ስቷት ነበር። ከዚያ ወዲህ «እጀ ሰንካላ» የሚለው ስም ከገበያ እስከ ቤተ ክርስቲያን ተከተለው። ይህን ስም ሊያስጥል ቆርጦ፣ በጥቅምት ራሷ ሰፋ ያለች የወይራ ዱላ መርጦ ቆረጠ። በትኩስ አመድ ቀብሮ አጎበጣት፤ ከምድጃ በላይ ሰቅሎ በጢስ አጠነከራት። መያዣዋ ላይ ሦስት ቀለበት ቀረጸባት።

ገና ሳምንት ሲቀረው አስማረ አያት።

«ምነው ደርበው! ይቺ እኮ የጀማሪ ዱላ ናት። እንደ ሞፈር ተሸክመሃት ልትወጣ ነው?»

«እኔስ ጀማሪ አይደለሁ?»

«ማን አለህ? አንተ እኮ በስለሃል። እንካ የኔን፤ ራሰ ቀጭን ናት። አንዴ ካገኘች ሩሯን እስከ ጥሊሊ ከተማ ታደርሳታለች።»

«አንተስ በምን ልትጫወት?»

«ለኔ አታስብ። ያቺን ወዲህ በላት፣ ለማገዶ ትሆነኛለች።»

ደርበውን «በስለሃል» ያለው ሰው ኖሮ አያውቅም። ያውም ከልጅነቱ ጀምሮ ቆሎ የተካፈለው ሰው ነው ያለው። ዱላውን ሰጠ፤ ራሰ ቀጭኗን ተቀበለ።

በገና ዕለት አቶ ሽባባው ዱላዋን ተቀብለው አገላብጠው አዩ።

«ልጄ፣ ይህችን ማን መረጠልህ?»

«አስማረ ነው፣ አባባ።»

«ራሰ ቀጭን ዐሥር ገና ለተጫወተ ሰው ነው። ላንተ ሰፊው ይሻልህ ነበር።»

«እሱ ያውቃል፣ አባባ» አለ ደርበው አንገቱን ደፍቶ።

የቡድን አባቶቹ በችሎታ የሚተካከሉትን ሁለት ሁለት እያቆሙ ተከፋፈሉ። ደርበውና አስማረ ጥንድ ሆነው ቆሙ። ቢሻው ደርበውን ወሰደ፤ አየነው አስማረን። አስማረ ዱላውን በጋቢው ሸፍኖ ነበር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁለቱም ወገን ግብ አላገባም ነበር። ያን ጊዜ ሩሯ ተንከባልላ ደርበው ፊት ቆመች።

«ምታት! ምታት እንጂ!» አለ ቢሻው።

ደርበው ባለ በሌለ ኃይሉ ሰነዘረ። ቀጭኗ ራስ ሣሩን ገመሰችው እንጂ ሩሯ ንቅንቅ አላለችም። ዳግመኛ ሳያነሣ ሌላ ዱላ ከጎኑ መጥቶ ሩሯን ጠረጋት። ገባች።

ደርበው በመጀመሪያ ያየው ዱላውን ነው፤ ሦስት ቀለበት አለበት። ቀጥሎ የያዘውን ሰው አየ። አስማረ ነበር።

አሸናፊዎቹ እንደ ወጉ የስድብ ግጥሙን ጀመሩ። አውራጁ ራሱ አስማረ ነው፦

«ደርበው ደርበው የሣሩ ጠላት፣
ሩሯን ትቶ መሬቷን መታት!»

«ለማገዶ አላልከኝም?» አለው ደርበው።

«ምን ላድርግ ወንድሜ? በራሰ ቀጭኗ ሦስት ገና ተጫውቼ አንድ ቀን እንኳ መትቼ አላውቅም።»

«ታዲያ በስለሃል ያልከኝ?»

«ኧረ ተው! በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!»

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ወጉ ወግ ነው፤ በዚያ ቀን የተቆጣ ሰው ጥፋተኛ ይሆናል። ደርበውም ከሰው ጋር ሊስቅ ሞከረ፤ ከንፈሩ አልታዘዘውም። ወደ አቶ ሽባባው ቢያይ መሬት መሬት ያያሉ።

አስማረ ባለ ሦስት ቀለበቷን ዱላ በጥምቀት ማግስት መለሰ። ደርበው ራሷን በመጥረቢያ ቆርጦ የበር መወርወሪያ አደረጋት። በሚቀጥለው ገና ወደ ሜዳው አልወጣም።