ስለ መርዋን ልብ የተደረገ ክርክር

በአሜሪካዋ ኮሎምበስ ከሊፋን በክርክር የሚረታ ሰው ገና አልተወለደም፤ ከተወለደም አፉን አልፈታም። የኢስተን መጋዘን ሠራተኛ ሁሉ ምስክር ነው። በብሬክ ሰዓት ከሊፋ ስለ ፈጣሪ ማውራት ሲጀምር ዕቃ ማንሻው ፎርክሊፍት እንኳ በገዛ ፈቃዱ ሞተሩን አጥፍቶ ያዳምጥ ነበር።

«ይኼ ማሽን ከዝናብ በኋላ በቀለ የሚል ካለ እጁን ያውጣ» ይልና ወደሚወደው ምሳሌ ይገባል፤ ወደ ልብ። ልብ አራት ክፍል አላት፤ በሮቿ በአንድ በኩል ብቻ ይከፈታሉ፤ ደም ሄዶ አይመለስባቸውም። ሠሪ ከሌላት ማን ገጠማት? በዚህች ምሳሌ ሰባት ሺህ ሰው አሳምኗል፤ ቢቀንስ ቢቀንስ ሰባት። አልበገር ያለው ደጀን ብቻ ነው፤ የደሴ አብሮ አደጉ፣ የመጋዘን ባልደረባው፣ በምንም የማያምን።

በኮሮናው ዓመት፣ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር፣ ከሊፋና ባለቤቱ ሃጀር ወንድ ልጅ ወለዱ። መርዋን አሉት። በልቡ ክፍሎች መሀል ቀዳዳ ነበረበት። ሐኪሞቹ ከፍተው ሰፉት፤ አልሆነም።

በተቀበረ ማግስት ሃጀር ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች ጠየቀችው። «እነዚያን በሮች የገጠመው ነው ቀዳዳውንም የቀደደው?»

ከሊፋ ጥያቄ ተጠይቆ ዝም ብሎ አያውቅም። አሳምሮ እንደሚመልስላት ቃል ገባ። እሷም መልሱን እስክትሰማ እህል በአፏ እንደማይዞር ነገረችው።

ለቅሶ ደራሹ በሽታውን ፈርቶ ቤት አይገባም፤ መኪናውን ከአፓርታማው ፊት ፓርክ ያደርግና መስታወቱን ዝቅ አድርጎ «አላህ ያጥናችሁ» ይላል። የመኪናው ሰልፍ አየር ማረፊያው አጠገብ ካለችው ጋሃና ደርሶ አውሮፕላኖቹ ማረፊያ አጡ። ከሊፋ ለሁሉም አንገቱን እየሰበረ አሚን አለ። ለሃጀር የሚሆን መልስ ግን ከየትም አልመጣለትም።

ሰዉ ከተበተነ በኋላ ደጀን መጣ። መንገዱን ሁሉ ሲያስብበት ነበር። ሐዘንተኛን ማጫወት ወግ ነው፤ የከሊፋ ጨዋታ ደግሞ ክርክር ነው። እንግዲያው ደጀን በዕድሜው አንድ ቀን ይሸነፍለታል። ከመኪናው ሳይወርድ፣ ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ፣ ያደረ ነገር እንደሚያወራ ሰው ጀመረው።

«ሳስበው ሳስበው አንተ ነህ ልክ። ተበላሸ የምንለው እኮ ልኩን ስለምናውቅ ነው። ልክ ካለ ደግሞ የለካው አለ ማለት ነው።»

ደካማ ክርክር ነበር። ለቀናት ተኝቶ የነበረው የከሊፋ ጭንቅላት፣ የተደገፈው የራሱ ወገን መሆኑን እንኳ ሳያስተውል፣ እንደ በቅሎ ጆሮ ቆመ።

«ቆይ፣ ቆይ። ደህናውን ልብ አይተህ ሠሪው ጥበበኛ ነው ካልክ፣ የተቀደደውን አይተህስ ምን ልትል ነው?»

«ምስጢር ነዋ።»

«አየህ! ሲሰምር ጥበብ፣ ሲበላሽ ምስጢር። ቢሰምርም ባይሰምርም የምትደርሰው እዚያው ከሆነ፣ ልቡ ምንም አልመሰከረልህም። ድሮም ታምን ነበር፤ ምስክር አስመስለህ ያቆምከው አንተ ነህ።»

ደጀን ፈተና ነው ሊል ሞከረ። ከሊፋ የመኪናውን ጣሪያ በመዳፉ እየመታ፣ የተፈተነው ማን እንደሆነ፣ ገና አንገቱ ያልጸና ሕፃን በየትኛው ጥያቄ እንደወደቀ ጠየቀው። ደጀን «ተረታሁ» አለ። ከሊፋ እንደ ልማዱ ፈገግ ሊል አፉን ከፈተ።

ከጀርባው የምድር ቤታቸው መስኮት ክፍት ነበር። ሃጀር ሻሿን በጥርሷ ይዛ ቆማለች።

«አሸነፍከው?» አለችው።

ደጀን ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ከሊፋ ወደ ቤት ገባ። ጎረቤት የላከው ምግብ እንደተሸፈነ ቀዝቅዟል። አጠገቧ ተቀመጠ።

«አላውቅም፣ ሃጀር» አላት። «አለ እላለሁ፤ አሁንም እሰግድለታለሁ። የልጁን ልብ ለምን እንዲህ እንዳደረገው ግን አላውቅም። ያሰብኩትን መልስ ሁሉ ውጭ ራሴ ገደልኩት።»

 

«ከተቀበረ ወዲህ 'ልጁ፣ ልጁ' ነው የምትለው» አለችው። «በስሙ ጥራው።»

ከሊፋ «መርዋን» ሲል ድምፁ ጆሮዋ ሳይደርስ ተሰበረ። ሃጀር እጁን ያዘችና አብራው አለቀሰች። ምግቡን ማንም አልከፈተውም።