ዜሮ ያንጠለጠለችው ልጅ

ከትምህርት ቢሮ የመጣው ተቆጣጣሪ የኋላ ዴስክ ላይ ተቀምጦ እስክሪብቶውን አወጣ። ቋሚ መምህርት መሆን አለመሆኔ በዚህ ክፍለ ጊዜ ይለያል። ያስጨነቀችኝ ግን ዝምዬ ናት።

ዝምዬ የሚሏት ጓደኞቿ ናቸው፤ እንግዳ ፊት አፏ አይከፈትም። ስለዚህ ትንሽ ተንኮል ሠራሁ። እኛ ክፍል ትልልቅ ቁጥሮችን የሚመሠርቱት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። ስድስት ልጆች የካርቶን አሃዝ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይሰለፋሉ፤ የካርቶኑ ጀርባ ዜሮ ነው። ወደ መቶ ሺህ ሲጠጋጋ ሁለተኛ የቆመው ልጅ አሃዙ ከአምስት ማነስ አለማነሱን አይቶ ጮክ ብሎ ይፈርዳል። ለዝምዬ ዜሮን ሰጠኋት። ትልቁን ቁጥር ሲሠሩ ዜሮ መጨረሻ ላይ ይቆማል፣ እዚያ ደግሞ ማንም ፍርድ አይጠይቃትም። ሳምንቱን ሙሉ ትልቁን ብቻ ተለማመድን።

874320 ብለው ቀጥ አሉ። ደስ አለኝ።

«ጥሩ» አለ ተቆጣጣሪው። «እስቲ ደግሞ በነዚሁ አሃዞች ትንሹን ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር ሥሩልኝ።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ልጆቼ ምን ያድርጉ፣ ሰልፉን እንዳለ ገለበጡት። 023478። ዝምዬ ከፊት ሆነች። ዜሮ ከፊት ከቆመማ የቀረው አምስት አሃዝ ነው። ብናገር ነገረቻቸው እባላለሁ። ጠመኔው እጄ ውስጥ ተሰበረ።

ዝምዬ ዞር ብላ ሰልፉን አየች። ከዚያ ሁለትን ያንጠለጠለውን ልጅ ክንዱን ይዛ ወደ ፊት ሳበችውና በእሱ ቦታ ቆመች። 203478። እፎይ ልል ስል የቆመችበት ቦታ ታየኝ። ሁለተኛ ናት።

«ወደ መቶ ሺህ አጠጋጉት» አለ ተቆጣጣሪው።

ሰባት ሊናገርላት ሲል በእጁ ከለከለው። ዝምዬ ጫማዋን ታያለች። ለእሷ ፈራሁ፤ ከእሷ ይልቅ ለራሴ ፈራሁ።

«እኔ ከአምስት አንሳለሁ» አለች በቀጭን ድምፅ። «ሁለት፣ ባለህበት ቁም።» ወደ ቀሩት አራቱ ዞረች። «እናንተ እንደኔ ሁኑ።»

አራቱም ካርቶናቸውን ገለበጡ። ሁለት መቶ ሺህ።

ደወሉ ሲደወል ተቆጣጣሪው በሩ ላይ ጨበጠኝ። «ከእንግዲህ ቋሚ ነሽ፣ እህቴ። ዜሮን ለጎበዟ ልጅ የሰጠሻት አስበሽበት ነው አይደል?»

ዝምዬ ካርቶኗን ሳታወልቅ አጠገባችን ቆማ መልሴን ትጠብቃለች። አፌ አልከፈት አለ።