በቀይ ክር የተሰፋችው ብራና

«እማማ ደግሞ ስለ ላቲን መጽሐፍ ምን ያውቃሉ?» ነበር ያለኝ። ዘጠኝ ዓመት አልፎታል፤ እኔን ግን ዛሬ ጠዋት እንደተባልኩ ነው የሚያንገበግበኝ። ያለኝ ዶክተር ሥዩም ነው። ያለኝም ፈገግ ብሎ፣ እኔው ያፈላሁለትን ሻይ እያማሰለ ነው።

ልክ ነው፣ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ልጅ አዝዬ ነው። ላቲንም አላውቅም። ብራና ግን አውቃለሁ። አባቴ ብራና ፋቂ ነበር፤ የአራት ደብር ጸሐፊዎች ከሱ ነበር የሚወስዱት። ፍየሉ ከታረደ ጀምሮ ቆዳው ተወጥሮ፣ ተፍቆ፣ ደርቆ እስኪወርድ ድረስ ገመዱን የምይዝለት እኔ ነበርኩ። ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ ብቻ የጠጉሩን ወገን ከሥጋው ወገን እለያለሁ። ቢላዋው ስቶ ቆዳውን ከበሳው፣ የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል ቀዳዳ ሲወጠር የገብስ ፍሬ እንደምታክል፣ ቶሎ ካልሰፏት ደግሞ አውራ ጣት እንደምታስገባ አውቃለሁ። ይኼን የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ካለ ዶክተሩ ይንገረኝ።

ያን ጊዜ እዚሁ ፈረንጅ አገር፣ አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ፣ ሚስ ኤድና የምትባል አሮጊት ቤት ኬርጊቨር፣ ተንከባካቢ ነበርኩ። ከምኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ በቀዩ ባቡር ሄጄ፣ መሀል ከተማ ቀይሬ፣ ኪንግ ስትሪት ወርጄ፣ ከዚያ ወደ ወንዙ በእግሬ። አራት ዓመት እንዲሁ ተመላለስኩ። ሚስ ኤድና አላገባች፣ አልወለደች፤ ሰማንያ ስምንት ዓመቷ ነበር። ያላት ነገር አንድ የቀይ ሸክላ ቤት፣ አንድ ዋረን የሚባል የወንድም ልጅ እና ከአያቷ የወረደ አንድ የብራና መጽሐፍ ነው። እንግሊዝኛዬም የሷ እንግሊዝኛ ነው፤ ከሷ ሌላ ያስተማረኝ የለም።

መጽሐፉ የጸሎት መጽሐፍ ነው። ስድስት መቶ ዓመት አልፎታል ትላለች። ዓይኗ ስለደከመ ቅጠሉን የምገልጥላት እኔ ነበርኩ። መጀመሪያው ላይ የበዓላት ቀን አለ፤ ትልልቁ በዓል በቀይ ቀለም፣ ሌላው በጥቁር፣ ልክ እንደኛው። ቀጥሎ በየሰዓቱ የሚደርስ ጸሎት፤ ከዚያ የቅዱሳን ስም እንደ ወታደር ተሰልፎ። ወደ መጨረሻው፣ ባዶ በተረፈው ቦታ ላይ አንድ ቄስ ለሳልና ለከብት በሽታ የሚሆን መድኃኒት በተጫጫረ እጅ ጽሑፉ ጽፎበታል። የመጨረሻዋ ቅጠል ግን ንግሥቲቱ ነበረች። በአንድ ወገኗ ሰማያዊ የለበሰች ሴት ተንበርክካለች፤ ግርጌዋ ላይ የገብስ ፍሬ የምታክል ቀዳዳ በቀይ የሐር ክር ተሰፍታለች። ሚስ ኤድና ያቺን ስፌት በጣቷ ሳትዳስስ መጽሐፉን አታጥፍም።

በጀርባዋ ደግሞ የባለቤቶቹ ስም ነበር። መጀመሪያ የሴት መነኮሳት ገዳም፤ ከዚያ ለሚስቱ የገዛ ቀለም ነጋዴ፤ ከዚያ መድኃኒት የጻፈው ቄስ፤ ከዚያ አንድ ስሙ በቢላዋ የተፋቀ ሰው፤ በመጨረሻ፣ በእርሳስ፣ የሚስ ኤድና አያት። ከሁሉም በላይ ግን መነኮሳቱ የጻፉት እርግማን አለ። አንድ ቀን ከአያቷ በቃሏ የያዘችውን ትርጉም ነገረችኝ፦

«ይህን መጽሐፍ የሰረቀ፣ ቅጠሉን የቆረጠ፣ ስማችንን የፋቀ፣ ከቅዱሳን ማኅበር ይለይ።»

ሳቄ መጣ። «ሚስ ኤድና፣ የኛም እንዲሁ ነው የሚለው» አልኳትና አባቴ ሲል የሰማሁትን አወረድኩላት፦ ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ፣ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን። እንደ ሕፃን አጨበጨበች። «እንግዲያው ሌባው በሁለት አገር ነው የሚረገመው!» አለች።

ይኼ ሁሉ የኔ ጥፋት ነው፤ ልናገር። ሚስ ኤድና ከመሞቷ በፊት የመጽሐፉን ይዘትና ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ በወረቀት የሚያሰፍርላት ሰው ስትፈልግ፣ ላቲን የሚያውቅ ሰው አለኝ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሥዩም በልጅነቱ ሮም የተማረ፣ የዕድራችን ሊቀመንበር። ያገሬ ልጅ እያለ ለፈረንጅ ይተርፋል ወይ አልኩ። ኩራቴ ነው ያቃጠለኝ።

ሐሙስ ሐሙስ እየመጣ፣ ነጭ ጓንት አጥልቆ ይጽፍ ነበር። አንድ ቀን፣ «ዶክተር፣ ይቺ የመጨረሻዋ ቅጠልና ከሷ ወደ ኋላ ሲቆጠር ስምንተኛዋ የአንድ ጥጃ ቆዳ ናቸው፤ መሀል ላይ ታጥፈው ነው የተጠረዙት። ደም ሥሩን ይዩት፣ ካንዷ ወደ አንዷ ይሄዳል» ስለው፣ ያቺን ንግግሩን ተናገረኝ። እማማ ምን ያውቃሉ። እኔ ጓዳ ስገባ ግን ደብተሩ ላይ ሲጽፋት አይቻለሁ።

በፈረንጅ 2006፣ መኸር ላይ ሚስ ኤድና ሆስፒታል ገባች። በሳምንቱ ሚስተር ዋረን መጽሐፉን ከዶክተሩ ወረቀት ጋር ሊያስተያይ ሲከፍተው፣ የመጨረሻዋ ቅጠል የለችም። ከሥሯ ተቆርጣለች።

እኔንና ሥዩምን ሳሎን አስቀመጠን። በደነገጥኩ ጊዜ እንግሊዝኛው ጥሎኝ ጠፋ፤ ሥዩም ላስተርጉም አለ። እኔም ጉቶውን በጣቴ እያሳየሁ፣ «ቁርጡ ትኩስ ነው፤ የድሮ ቁርጥ ይቢጫል፣ እድፍ ይይዛል፤ ይኼ ነጭ ነው። ስለታም ቢላዋ የያዘ፣ እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው ፈልጉ» አልኩ። ሥዩም ወደ ፈረንጁ ዞሮ ረጋ ብሎ አወራ። ሚስተር ዋረን አንገቱን ደፋ። ከዚያ የቤቱን ቁልፍ አምጪ አለኝ።

ሚስ ኤድና በሁለት ሳምንቷ ሞተች። ቀብሯ ላይ አትምጪ ተባልኩ። ሌባ ብላኝ ትሙት፣ ሳታምን ትሙት፣ አላውቅም። 

ሥዩም ደግሞ ዕድሩ ፊት ቆሞ፣ «ፖሊስ እንዳይጠራባቸው የለመንኩላቸው እኔ ነኝ» አለ። አመሰገኑት! አቶ ዘሪሁን የሚባለው ጸሐፊያችን ቤቴ ድረስ መጥቶ የዕድሩን የዕቃ ቤት ቁልፍ ተቀበለኝ። ድስትና ወንበር እንኳ አላምንሽም ማለቱ ነው። ሴቶቹም እኔ አጠገባቸው ስቀመጥ ቦርሳቸውን ወደ ጭናቸው ይስባሉ። እኔም አልቀረሁም፤ በየስብሰባው ሄጄ እዚያው ተቀመጥኩ። የሚያፍር ሌባ ነው።

የልጅ ልጄ ቤዚ ስታድግ፣ ሚስተር ዋረን ከስንብት ደብዳቤው ጋር የላከልኝን የዶክተሩን ወረቀት ከሻንጣ አውጥቼ አንብቢልኝ አልኳት። ገዳሙ፣ ነጋዴው፣ ቄሱ፣ አያትየው፣ ሚስ ኤድና። ከዚያ ቤዚ ወረቀቱን ወደ ደረቷ ሳበችው።

«አንብቢው እንጂ!»

«እማዬ... ‹የመጨረሻዋ ቅጠል በ2006 ጠፍታለች። ተንከባካቢዋ ወይዘሮ የዓለምዘርፍ መጽሐፉን ለብቻዋ ትይዝ እንደነበር በአስተርጓሚ በኩል አምናለች› ይላል።»

ያን ቀን ነው የገባኝ። መጽሐፉ በሄደበት ሁሉ አብራው የምትሄደዋ የባለቤቶች ሐረግ ጫፏ ላይ እኔን አስራ ቀርታለች። ስድስት መቶ ዓመት ተመልሶ ቢመጣ እኔ ሌባ ነኝ።

ባለፈው ክረምት፣ በረዶው ገና ሳይቀልጥ፣ የሥዩም እናት ሞቱ። ለቅሶ አይቀርም፤ ቤቱ ሄድኩ። መጸዳጃ ቤት ፍለጋ ኮሪደሩን ስገባ፣ ግድግዳው ላይ በመስታወት ውስጥ ሰማያዊ የለበሰችው ሴት ተንበርክካለች። ከግርጌዋ ቀዩ ክር። ግድግዳውን ያዝኩ። ስንት እንግዳ በዚያ አልፏል! ግን ከእንግዶቹ ማን ያውቃታል? እኔን ደግሞ ሰው ብሎ አልቆጠረኝም። ዕድርተኛ ነኝና አትምጪ ሊለኝም አይችልም።

ተመልሼ ንፍሮዬን በላሁ። «እግዚአብሔር ያጥናዎት ዶክተር» አልኩት። «አሜን፣ እማማ» አለኝ።

ቤዚ መኪናው ውስጥ ጮኸችብኝ። «ለምን ያኔውኑ ፊት ለፊት ኮንፍሮንት አላደረግሽውም?»

«ለቅሶ ላይ ሌባ አይያዝም። እናቱን ይቅበር፣ አርባዋን ያውጣ። ደስ ሲለው ነው የምይዘው።»

ብዙም አልቆየ። የልጁ የዮዲ የምረቃ፣ የግራጁዌሽን ጥሪ መጣ፤ ለዕድሩ በሙሉ፣ በወርቅ ቀለም፣ «ከነቤተሰብዎ» የሚል። ቤዚን፣ «ለሚስተር ዋረን ደውዪ» አልኳት። መጀመሪያ ስልኩን ሊዘጋባት ነበር። ስለ ቀዩ ክር ስትነግረው ግን ቀጥዪ አላት። መጽሐፉን ለአንድ ቤተ መጻሕፍት ሊሰጥ ኖሮ፣ የመጨረሻዋ ቅጠል የት ናት ብለው ወጥረውት ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ክራቫቱን አስሮ፣ መጽሐፉን በካርቶን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ የቤዚ መኪና ውስጥ ገባ። ቤተሰቤ ይኸው ነው።

የሥዩም ጓሮ ድንኳን ተተክሎበታል፣ ሙዚቃው ይጮኻል። ሥዩም አይቶን ፊቱ አመድ መሰለ፤ ግን ቶሎ ሰበሰበው።

«እማማ የዓለምዘርፍ! እንኳን መጡ። ይብሉ እንጂ፣ ይቅረቡ!»

«መብላቱ ይደርሳል። በፊት ያቺን ኮሪደር ላይ ያለችውን ሥዕል ለሚስተር ዋረን ያሳዩልኝ። አቶ ዘሪሁን፣ ና አንተም፤ ቁልፍ ትወዳለህ፣ በር ክፈትልን።»

አንዳንዱ ሳቀ። ሳቁም ተከትሎን ገባ፤ ኮሪደሩ ሞላ።

«ከየት አመጧት ዶክተር?»

«ሮም፣ ተማሪ ሆኜ የገዛኋት ናት» አለ። ላብ ግንባሩ ላይ ወጥቷል። «ለዕድሩ ሰዎች ስንቴ ነግሬያለሁ።»

«እውነት ነው፣ ነግረውናል» አለ ዘሪሁን።

«ጀርባዋስ ምን አለው?»

«ባዶ ነው። ምን ይኖረዋል?»

ቤዚ ቃል በቃል ለሚስተር ዋረን አስተረጎመችለት። እንዲህ ነው ማስተርጎም። እኔም በአማርኛዬ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ አንድ በአንድ ቆጠርኩ፦ «ከላይ የመነኮሳቱ እርግማን፤ ከሥሩ ገዳሙ፤ ነጋዴው፤ ቄሱ፤ አንድ የተፋቀ ስም፤ ከታች በእርሳስ የሚስ ኤድና አያት። አንዱ ከጎደለ እኔ ሌባ ነኝ። አውርዷት።»

ሥዩም በእጁ ሊከልል ሞከረ። ሚስተር ዋረን ቁመቱ ዘንግ ነው፤ ከሥዩም ራስ በላይ አንስቶ አወረዳት፣ ከመስታወቱ አወጣት፣ ገለበጣት። የቅድመ አያቱን ስም በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ካርቶኑን ከፍቶ ቅጠሏን ጉቶዋ ላይ አስጠጋት። እንደተሰበረ ሸክላ ገጠመች። ስምንተኛዋን ቅጠል ገልጬ ደም ሥሩን በጣቴ ተከተልኩት፤ ካንዷ ወደ አንዷ ሄደ።

ሙዚቃው የቆመው መቼ እንደሆነ አላውቅም። ዮዲ ከነካባዋ በሩ ላይ ቆማ፣ «ዳዲ? ዳዲ፣ ምንድነው?» ትላለች። ልጅቷ አሳዘነችኝ። አላቆምኩም።

ሥዩም ጆሮዬ ሥር መጣ። «እማማ፣ ስለ እመቤቴ ብለው። በልጄ ቀን ነው። ውስጥ ገብተን እንነጋገር። ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ የፈለጉትን...»

«እኔን ሌባ ስትለኝ ማን ውስጥ አስገባኝ?»

አንተ ስለው ዘሪሁን ደነገጠ። ይደንግጥ።

ሚስተር ዋረን ስልኩን አውጥቷል፤ ለማን እንደሚደውል የራሱ ጉዳይ ነው፣ ቅጠሏም የሱ ናት። የኔ ነገር ሌላ ነው። ከቦርሳዬ ያቺን ሌባ ያለችኝን ወረቀት አወጣሁና ኮሪደሩ ላይ ካለችው ጠረጴዛ፣ ከልጁ ፎቶ አጠገብ ዘረጋኋት። እስክሪብቶም ይዤ መጥቻለሁ።

«ተቀመጥ ሥዩም። ስሜን በገዛ እጅህ ሰርዝ። ከሚስ ኤድና ቀጥሎ ያንተን ስም ከነአባትህ፣ ከነአያትህ ጻፍ፤ ቆረጠ፣ ሰረቀ፣ በሰው ላይ ዋሸ በል። ከሥሩ፣ አገኘች ብለህ የዓለምዘርፍን ጻፍ፤ የብራና ፋቂ ልጅ ብለህ ጨምርበት። በእንግሊዝኛ ከመጽሐፉ ጋር እንድትሄድ፣ በአማርኛ ደግሞ ለዕድሩ። ስትጨርስ ቁምና ሁለቱንም ጮክ ብለህ ራስህ አንብብ፤ ዛሬ አስተርጓሚ አንፈልግም። እንካ፣ ያዝ እስክሪብቶውን!»