ነጥቧ ገላን ናት

«ተራው ደረሰህ ወይ፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ?» አሉት የአባቱ ወዳጅ ኦቦ ዱባለ፣ ንፍሯቸውን በመዳፋቸው እንደያዙ።

ቢቂላ ቀና አለ። ቡራዩ፣ አባቱ ግቢ የተተከለው የለቅሶ ድንኳን ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። «የምን ተራ?»

«የጭነት ነዋ! አባትህ ጉታ እሑድ በሬዲዮ፣ ‹ልጄ ገላን መጋዘን ተራ ይዟል፤ ነጥቧ አልተነሳችም› አለኝ። ድምፁ ደክሞ ነበር። ላንተ ልደውል ስለው፣ ‹ተው፣ ተራውን ጥሎ ይመጣል› አለ።»



ኦቦ ጉታ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ውሏቸው አማተር ሬዲዮ ነበር፤ ከሱሉልታው ዱባለ ጋር ካላወሩ ምሳ አይበሉም። ቢቂላንም አስተምረው የሬዲዮ ፈቃድ አስወጡት። የከባድ መኪና ሹፌር ሲሆን አንዲት የእጅ ሬዲዮ ሰጡት። ሬዲዮዋ ያለችበትን ቦታ በየአሥር ደቂቃው በዲጂታል ምልክት ትልካለች፤ የዱባለ ጣቢያ ከሱሉልታ ከፍታ ላይ ተቀብሎ ያቀብላል፤ አባት ሳሎናቸው ተቀምጠው የልጃቸውን ነጥብ በኮምፒውተር ካርታ ላይ ያያሉ። ግቢው በር ሲደርስ «ደረስኩ» ብሎ ይልካል። መልሱ ሁሌም አንድ ቃል ነው፦ «ግባ»።

ሹፌሮቹ ይህን ሲያውቁ መች ማሩት! «አባትህ እንደ ላም ደወል አሰሩልህ» እያሉ ሳቁበት። ሠላሳ ዓመት የሞላው ወንድ ነውና ከነከነው። ቅዳሜ ሰበታ የጓደኛው ሠርግ ሲደርስ፣ ሬዲዮዋን ገላን መጋዘኑ ጥበቃ ክፍል ቻርጅ ላይ ሰክቷት ሄደ። እስከ ሰኞ ጨፈረ። ከሰበታ ቡራዩ ስንት መንገድ ነው? ቢጠሩት ለምሳ ይደርስ ነበር። የጠሩት ግን ሰኞ፣ አባቱ ካለፉ በኋላ ነው።

ድንኳኑ ጥግ እናቱ ገለቴ ለሴቶቹ ለስንተኛ ጊዜ ያንኑ ያወራሉ።

«ደረቴን ሲለኝ ስልኩን አነሳሁ። ‹አትደውዪ፣ ነጥቧ ስትነሳ ይመጣል› አለኝ። ሰማሁት። ምነው እምቢ ባልኩት! ደውዬ ቢሆን ልጁ ይደርስለት ነበር። እኔ ነኝ የገደልኩት።»

«ተይ እንጂ ገለቴ፣ ቀኑ ደርሶ ነው።»

«ቀኑ አይደለም። እኔ ነኝ።»

ቢቂላ ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም፤ ነጥቧ መስክራለታለች። ግን እናቱ ያላጠፉትን ጥፋት ተሸክመው ሊኖሩ ነው። ራሱን ጠላ። ተነስቶ ሄደና እግራቸው ሥር ተንበረከከ።

«እማ፣ ገላን አልነበርኩም። ሬዲዮዋን እዚያ ትቻት ሰበታ ሠርግ ላይ ነበርኩ። አባዬ ሲጠብቅ የነበረው እኔን አይደለም፣ ባዶ ሬዲዮ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ያንቺ አይደለም።»

እናቱ አልረገሙትም፤ አላቀፉትምም።

«አሁን የት ናት?»

«እዚያው ገላን።»

«ሂድ አምጣት።»

በሚኒባስ ሄደ። ሬዲዮዋ እንደተሰካች ናት። ከቻርጁ ሲነቅላት ያልተነበበ መልእክት አገኘባት፤ የእሑድ ነው፤ ከአባቱ። «አትቸኩል። እጠብቅሃለሁ» ይላል። የጥበቃው ሰውዬ ወንበር ስበው አስቀመጡት፤ አልቅሶ ሲበቃው ውሃ ሰጡት።

ሲመለስ ሬዲዮዋን እስከ ቡራዩ በእጁ ይዟት መጣ። ግቢው በር ላይ ቆመና «ደረስኩ» ብሎ ላከ። ከዚያ በልማዱ መልሱን ጠበቀ። ሞኝ ነኝ አለ፤ ግን እግሩ አልነሳ አለው።

የሳሎኑ መስኮት ክፍት ነው። እናቱ አባቱ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ያንን ማሽን በሕይወታቸው ነክተውት አያውቁም። ኦቦ ዱባለ ከኋላቸው ቆመው ካርታው ላይ የሆነ ነገር አሳዩአቸው። እናቱ ወደ ውጭ ሳያዩ አመልካች ጣታቸውን ነጥቧ ላይ አሳረፉ።

«ግባ» አሉት።